ማኅደር ቀረች!

ወረቀት መጣል የማይሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የወልድያው ጎረቤቴ፣ በሴሚናሪ ያስተማሩት ጡረተኛ የፕሮቴስታንት ቄስ፣ የሰበኩትን ሁሉ ጽፈው ያስቀምጣሉ። ጦርነቱ ደርሶ ሰፈሩ በእግሩ ወደ መርሳ ሲሸሽ፣ ቄሱ ድንገት «ማኅደር ቀረች!» ብለው ጮኹ።

«የት ናት?» አለ ሰይድ፣ ሌላው ጎረቤታችን።

«አልጋ ስር!»

በዚያ ሰዓት የማን ልጅ ናት ብሎ ማን ይጠይቃል? ሰይድ «ቢስሚላህ» ብሎ ወደ ተኩሱ ተመለሰ። አልጋው ስር ያገኘው ግን «ማኅደር» ተብሎ የተጻፈበት፣ ስብከት የታጨቀበት ካርቶን ነው። ተሸክሞ ሲደርስብን ላቡ ይንጠፈጠፋል።

«ወላሂ ጋሼ፣ ልጅ ብትሆን ኖሮ ግማሹን መንገድ በእግሯ ትሄድልኝ ነበር!»

ቄሱ ብዕርና ወረቀት አወጡ። «ይቺማ ለስብከት ትሆናለች» ብለው ጻፉና፣ ወረቀቷን ሰይድ ጀርባ ላይ ባለው ካርቶን ውስጥ ከተቷት።