በመናዘዣው ቦታ የቆመው ሳጥን

ያን ዓመት ዝናብ አልጣለም። ጉድጓዱ ደረቀ፤ ከብቱ አለቀ፤ ሰው ሞተ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ጎተራ ለድሆች የተቀመጠ አንድ ጆንያ ስንዴ ቀርቶ ነበር፤ እሱም ጠፋ። ቁልፉን የሚይዘው ታላቅ ወንድሜ ነበርና ተጠየቀ።

«እኔ አልወሰድኩም። ምናልባት አይጥ በልቶት ይሆናል።»

«ከነጆንያው?» ተብሎ ተሳቀበት፤ ቁልፉንም ተቀማ። ይኸው አርባ ዓመት ስሙ «አይጥ» ነው። ቅዳሴ የሚያስቀድሰው በር ላይ ቆሞ ነው።

ይህ እንግዲህ የጨለማው ዘመን ነው። ወደ ብርሃኑ ልለፍ።

ቁምስናችን፣ ያው አጥቢያችን፣ ዘንድሮ የማዘመኛ ኮሚቴ አቋቋመ። ሊቀመንበሩ የተማረ፣ ክራቫት ከአንገቱ የማይለየው ጎልማሳ ነው። «ምእመናን የቀነሱት አገልግሎታችን ኋላ ቀር በመሆኑ ነው» ሲል አስረዳን። እኛ ደግሞ ኃጢአት ጥሟቸው ይመስለን ነበር። አለመማር ክፉ ነው።

ሥራው ተፋጠነ። ሻማው በአምፖል ተተካ። መንበርከኪያው ተነሥቶ፣ ሰው በጸሎት ሰዓት እንዲያርፍ ለስላሳ ወንበር ገባ። አረፈም፤ ያንኮራፋም ነበር። ቀጥሎ ተራው የመናዘዣው ሆነ። መናዘዣው ግልጽነት ይጎድለዋል ተባለ፤ መጋረጃ አለው፣ ሁለት ሰው ይንሾካሾክበታል፣ ቃለ ጉባኤ አይያዝበትም።

«አባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላቸው ሊቀመንበሩ።

«እኔማ ምን እላለሁ ልጄ፤ ሥራ አቃለልክልኝ» አሉ አባ፣ ከድርቁ ዘመን ጀምሮ ያገለገሉን ካህናችን።

አናጢ ነኝ። ያንን መናዘዣ በወጣትነቴ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያፈረስኩትም እኔ። በታዘዝኩት መሠረት ከሳንቃው የአስተያየት ሳጥን ሠርቼ እዚያው ጥግ አቆምኩት። መናዘዝ የፈለገ ቅጽ ሞልቶ ቀጠሮ ይይዛል። አስተያየት ያለው ወረቀት ይከታል፤ ሊቀመንበሩም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሳይቀንስ ሳይጨምር ለሕዝብ ያነባል። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

በመጀመሪያው እሑድ ሦስት ወረቀት ተገኘ። አንዱ ወንበሩን አመሰገነ። ሁለተኛው ስብከቱ ይጠር አለ። ተጨበጨበ። ሦስተኛውን ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፦

«በድርቁ ዓመት የጎተራውን ስንዴ የወሰድኩት እኔ ነኝ። በመስኮቱ ገብቼ ነው። ቁልፍ ያዡ የለበትም። ጡቴ ነጥፎ ነበር፤ ልጄን በዚያ ስንዴ አሳደግኩት። ዛሬ ክራቫት ያስራል፤ ...»

ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ።

«ጨርሰው እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ሳይቀንስ ሳይጨምር ብለሃል!»

ደንብ ደንብ ነው። «... ይህን የሚያነብላችሁም እሱ ነው» ብሎ ጨረሰ።

ከፊት ወንበር እናቱ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እማዬ! ይሄ እኮ የአስተያየት ሳጥን ነው!»

«አውቃለሁ። አርባ ዓመት ለአባ በጆሯቸው ስነግራቸው ኖርኩ። ‹ሄደሽ ሰውየውን ካሺው› ይሉኛል፤ ነገ እላለሁ። በሹክሹክታ ነገ ማለት ይቀላል። አንተ ቀንና ሌሊት ግልጽነት፣ ግልጽነት ስትለኝ ጊዜ አፈርኩ።»

ዘወር ብዬ አባን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ወንድሜን አንድ ቀን እንኳ «አይጥ» ብለው ጠርተውት አያውቁም። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰብስቦ፣ ሳጥኑ ላልተወሰነ ጊዜ ለጥገና እንዲነሣ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ሊቀመንበሩ ስብሰባው ላይ አልተገኘም። ከሰዓት በኋላ አንድ ጆንያ ስንዴ ተሸክሞ ወንድሜ ደጃፍ ደረሰ። ክራቫቱ ወደ ጀርባው ዞሯል፤ እናቱ ከኋላው ያዘግማሉ።

«ጋሼ፣ የት ላስቀምጠው?»

ወንድሜ ጆንያውን አየ፤ እሳቸውን አየ፤ ከበሩም ዞር አለላቸው።

«ከፍ አድርገህ አስቀምጠው» አለ። «አይጥ እንዳይበላው።»