ለአሮጌ ሞተር የወጣ ሕግ

ሕግ የሚያወጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያበጀው ራሱ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ነው። “እኔ እንደዚያ አይደለሁም” የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ሕግ አውጥታችሁ አታውቁም፣ ወይ ሕጉን ስታወጡ ሚስታችሁ አጠገባችሁ ተቀምጣ አታውቅም።

እኔ መቱ የምኖር የሒሳብ መምህር ነኝ። በከተማው የምታወቀው ግን በሒሳቤ ሳይሆን በሰማያዊ ፒክአፔ ነው። ዕድሜዋን አትጠይቁኝ... እኔ ስገዛትም አሮጌ ነበረች። ተማሪዎቼ የጭሷን ርዝመት አይተው መቼ ክፍል እንደምገባ ይገምታሉ። ያስተማርኳቸው ሒሳብ ሥራ ላይ ሲውል ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት የባለቤቴ የጫልቱ ታናሽ ወንድም ፍሮምሳ ከአዲስ አበባ አንድ ጨዋታ ይዞ መጣ። ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ነው፤ መንገድ፣ ዳገትና ወንዝ የተሳለበት ሰሌዳ፣ ትንንሽ መኪናዎች፣ እንደ ሉዶ የሚወረወር ዳይስ። መኪናዎቹ ግን ሰው አያመላልሱም፤ ይዋጋሉ። ጣራቸው ላይ መትረየስ፣ ከኋላቸው ጭስ መልቀቂያ ይገጠምላቸዋል። መንገዱ ላይ መጨረሻ የቀረ ያሸንፋል።

የመቱ ዝናብ ደግሞ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ አንዴ ከገባ መቼ እንደሚወጣ አይናገርም። እናም እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እኔ፣ ፍሮምሳና ጎረቤታችን ጋሼ አስፋው ጠረጴዛዬን ከበን እንዋጋ ጀመር። ጋሼ አስፋው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ጡረታ የወጡት ግን ከችሎቱ እንጂ ከዳኝነቱ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ያለማቋረጥ ተሸነፍኩ። ሰው ሲሸነፍ ምን ያደርጋል? ሕጉን ይወቅሳል። ደንቡን ሳገላብጠው መኪናው ሁሉ አዲስ፣ ሞተሩ ሁሉ አዲስ ነው።

“ይሄ ጨዋታ የኛን አገር አያውቅም” አልኩ። “አሮጌ ሞተር የሌለበት መንገድ የት አለ? የቤት ሕግ እናውጣ።”

“ምን የሚል?” አሉ ጋሼ አስፋው።

“የድሮ ብረት ብረት ነው። አሮጌ ሞተር ያለው መኪና ሁለቴ ካልተመታ አይወድቅም። ጭሱም በነፃ ይሁንለት።”

“ጭሱ እንኳ ዱጋ ነው” አለ ፍሮምሳ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። “የጋሼ ተሾመ ፒክአፕ ምንም ሳይገጠምላት ነው የምትለቀው።”

ጋሼ አስፋው ትንሽ አሰቡና አጸደቁት። በሕጉ ለራሴ ያደላሁ እንዳይመስል እኔው አንዲት ቅጣት ጨመርኩበት፤ አሮጌ ሞተር ቁልቁለት ላይ ፍጥነት መቀነስ አይችልም። ቁልቁለቱ ሰሌዳው ላይ አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ብዙም አላሳሰበኝም።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ። እሁድ አሸንፌ ሰኞ ለክረምት ትምህርት ክፍል ስገባ ደረቴ ከኔ ቀድሞ ይገባ ነበር።

ጫልቱ የጨርቅ ሱቅ ስላላት የምታርፈው እሁድ ብቻ ነው፤ ጨዋታችንንም ከቁም ነገር አልቆጠረችው። አንድ እሁድ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። በዚያ ሳምንት አንድ የኡካ ከተማ ነጋዴ ፒክአፗን ሊገዛ ጠይቆን፣ እሷ እንሽጣት ስትል እኔ አሻፈረኝ ብዬ ተኳርፈን ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል ሰምቻለሁ... እኔ ግን ፍሮምሳን እንዳሸነፍኩ “አያችሁ? አሮጌ ሞተር ባለቤቱን አያሳፍርም” አልኩ።

ጫልቱ ቀና አለች።

“ጋሼ አስፋው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሕጉ ላይ አስተያየት ይፈቀዳል?”

“ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ካቀረበው ይፈቀዳል፣ ልጄ።”

“እኔን ይመለከተኛል። ዕድሜው የገፋ ሞተር ትላላችሁ፤ የገፋሁት እኔ ነኝ።”

ፍሮምሳ ሳቁን ሊደብቅ ጠረጴዛው ስር የወደቀ ነገር ይፈልግ ጀመር።

“አንደኛ” አለች ጫልቱ፣ “አሮጌ ሞተር ከቆመ፣ ዳይሱ ስድስት ካልመጣ አይነሳም።”

“ማስረጃ?” አሉ ዳኛው።

“ዳሪሙ ከተማ ድረስ የሄድንበት ሰርግ። ሙሽራው ከነሙሉ ልብሱ፣ አበባው ደረቱ ላይ እንዳለ፣ ጭቃ ውስጥ ወርዶ ገፍቷል።”

“እኔም አብሬው ገፍቻለሁ” አሉ ጋሼ አስፋው፣ ጫማቸውን በሐዘን እያዩ። “ጸድቋል።”

“ሁለተኛ፣ ዳገት ላይ ይግልና ይቆማል። የጎሬን ዳገት ስንወጣ ለእናቴ የያዝነውን ጠበል ራዲያተር ውስጥ የጨመረው ማን ነው?”

“ከዚያ በኋላ እኮ ደህና ሄደች” አልኩ።

“አማኝ ናታ” አለ ፍሮምሳ ከጠረጴዛው ስር።

“ሦስተኛ፣ የቆመን መኪና ሌላ ተጫዋች ተራውን ሰውቶ መግፋት ይችላል። ባለመኪናው ግን በስም ጠርቶ፣ በትሕትና መለመን አለበት። ወደ ሶር ፏፏቴ ስንሄድ እሱ መሪው ላይ ተቀምጦ ‘ጠንከር አድርጊው’ ይለኝ ነበር።”

“ይሄ የቤተሰብ ምስጢር ነው” ብዬ ተቃወምኩ።

“ማስረጃ ነው” አሉ ጋሼ አስፋው። “ጸድቋል።”

በዚህ ብቻ ብንለያይ ምን ነበረበት። እኔ ግን ተናድጄ “በዚሁ ሕግ፣ በአሮጌ ሞተር አሸንፍሻለሁ” አልኳት።

“ካሸነፍከኝ ስለ ፒክአፗ ሽያጭ ሁለተኛ አላነሳም” አለች። “ካሸነፍኩህ ግን ከእጅህ ትወጣለች።”

ጋሼ አስፋው ቃሉን አስደገሟትና አጸደቁ። እኔ በዚህ ከተማ ከሰው እኩል የቆምኩት በዚያች መኪና ነው። አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቆምነው መንገድ መሀል ነው... ቢሆንም ቆመናል።

ጨዋታው ተጀመረ። ጋሼ አስፋው መስቀለኛ መንገድ ላይ ለፍሮምሳ ቅድሚያ ሲሰጡ ተመትተው ወጡ። ፍሮምሳን እኔ ጣልኩት። ሰሌዳው ላይ እኔና ጫልቱ ብቻ ቀረን። የኔ መኪና ዳገቱ አናት ላይ ደርሳ ጋለችና ቆመች። ጫልቱ አንድ ጊዜ መታችኝ። ሞተሬን ለማስነሳት ዳይሱን ወረወርኩ፤ ሁለት መጣ። ተራው የሷ ሆነ፤ አንዴ ከደገመችኝ አለቀልኝ። የቀረኝ ልመና ነው፤ ከገፋችኝ አትተኩስም።

“ጫልቱዬ” አልኩ፣ “እባክሽ ግፊልኝ።”

እኔን አየች፤ ሰሌዳውን አየች። ያን ያህል አምርሬ የለመንኳት ሽማግሌ ስልክ ጊዜ እንኳ አልነበረም።

“እሺ፣ ልግፋህ” አለች። መኪናዋን ከኋላዬ አስጠግታ ገፋችኝ። ሞተሬ ተነሳ። ደስታዬ ግን አፍታ አልቆየም፤ ከፊቴ ቁልቁለት፣ ከቁልቁለቱ ስር ጥምዝ፣ ከጥምዙ ማዶ ወንዝ። ፍጥነት ልቀንስ እጄን ስዘረጋ ጋሼ አስፋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“አሮጌ ሞተር ቁልቁለት ላይ ፍጥነት መቀነስ አይችልም። የሕጉ አቅራቢ መምህር ተሾመ።”

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ወንዝ ገባሁ።

በሳምንቱ የኡካው ነጋዴ መጣ። ፒክአፗን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ጎማዋን በጫማው ነካ ነካ አደረገ። እኔ ቀብር የመጣ ሰው መስዬ ቆሜያለሁ።

“ሞተሩ አልቆለታል” አለ። “ለመለዋወጫ ነው የምወስዳት። በሩንና ጎማውን አወጣለሁ፤ ሌላው ቁርጥራጭ ብረት ነው።”

“ለመለዋወጫ?” አለች ጫልቱ ቀስ ብላ።

“ታዲያ ለምን ትሆናለች፣ እትዬ?”

“ይቺ መኪና እኮ የጎሬን ዳገት ወጥታለች። ዳሪሙ ድረስ ሙሽራ አድርሳለች።”

“አድርሳለች?” አልኩ እኔ።

“አንተ ዝም በል።” ይህን ብላ መዳፏን የኋላ መዝጊያው ላይ አሳረፈች። እጇ ያረፈበት ቦታ ቀለሙ ለቅቆ፣ ብረቱ ለስልሶ ያበራል፤ ስትገፋ የምትይዘው እዚያ ጋ ነው። እስከዚያች ቀን አይቼው አላውቅም። ከመሪው ወንበር አይታይም።

“አንሸጥም” አለች ለነጋዴው።

ነጋዴው ግራ ተጋብቶ ተመለሰ። እኔም ውርርዱ የተረሳ መስሎኝ ቁልፉን ወደ ኪሴ ስከት ጫልቱ እጇን ዘረጋች። አልሰጥም ብዬ ለጋሼ አስፋው አቤት አልኩ። እሳቸውም ግራ ቀኙን ሰምተው፣ “ቃሉ ‘ከእጅህ ትወጣለች’ ነው የሚለው፤ ‘ከቤት ትወጣለች’ አይልም” ሲሉ ቁልፉን ለሷ ፈረዱላት።

ጫልቱ መንዳት ተማረች፤ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ፒክአፗንም እንደገና ሰማያዊ አስቀባቻት። ሞተሩ ግን ያው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ መሀል ጸጥ አለ። ወረድኩ። ከተማው ሁሉ፣ ተማሪዎቼም ጭምር ቆመው ያያሉ። ትከሻዬን መዝጊያው ላይ አስደግፌ፣ እግሬ ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ስገፋ ጫልቱ በመስኮት ብቅ አለች።

“ተሾመ” አለችኝ በትሕትና፣ “ላብህን ጥረግ፤ ቀለሟን ታበላሽብኛለህ።”