ክቡር ቤዝ ሥራ አገኙ

ሙዚቃን የተወ ሰው ሞልቷል፤ ሙዚቃ የተወው ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። ካላመናችሁ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ጎረቤቴን እዩ። ድሮ በየሠርጉና በየሆቴሉ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ዛሬ የአንዲት ነርስ ባል፣ የአንዲት እንቅልፍ ጠል ሕፃን አባት፣ የሴራሚክ መደብር ሻጭ ናቸው። እኛ የሕንፃው ነዋሪዎች ግን ማዕረጋቸውን አልገፈፍናቸውም፤ ዛሬም «ክቡር ቤዝ» ናቸው።

ክቡርነታቸው ሴራሚክ የሚሸጡት በጆሮ ነው። አንዱን ያነሱና በጣታቸው ኳ! አድርገው፣ «ይሄኛው ትንሽ ወረድ ይላል» ብለው ይመልሱታል። አንድ ደንበኛ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ጌታዬ፣ መታጠቢያ ቤት ላነጥፈው ነው እንጂ ላዘፍነው ነው እንዴ?» ብሏቸዋል። የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው «በሉ ድምፅ እንስጥ» ሲሉ፣ «በየትኛው ቅኝት?» ብለው የጠየቁም እሳቸው ናቸው። የአሳንሰሩ ጥገና በዚያው ሳይወሰን ቀረ።

ልጃቸውን እሹሩሩ ሲሉ እንኳ ዜማውን ለእናትየው ትተው ከሥር ከሥሩ ዱም ዱም ይላሉ፤ በእግራቸው ጭምር። ሕፃኗ መተኛቱን ትታ ትጨፍራለች። ጣሪያዬም አብሯት።

አንድ ቀን ደረጃ ላይ ይዣቸው፣ «ለመሆኑ ምኑ ነው እንዲህ የናፈቀዎት? ጭብጨባው?» አልኳቸው።

«ጭብጨባውንስ ተወው። ዘፈኑ መሀል ላይ ሁላችንም እኩል ቀጥ የምንልባት ቦታ አለች። ማንም ለማንም ምልክት አይሰጥም፤ ዝም! ከዚያ እኩል እንገባለን። እቤት እኮ እኩል እንጮሃለን እንጂ እኩል ዝም ብለን አናውቅም።»

ዝም ለማለት ያ ሁሉ ሰው ምን ያደርጋል? ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

መዘዙ የመጣው ግን ከአንዲት ቃል ነው። ክቡርነታቸው «ሥራ» የሚሉት መድረኩን ብቻ ነው፤ ሴራሚኩ «መዋያ» ነው። አማታቸው በስልክ «ሥራ እንዴት ነው ልጄ?» ቢሏቸው፣ በረጅሙ ተንፍሰው፣ «ሥራማ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ እማማ» አሉ። እማማ «ልጄ የሥራ ፈት ሚስት ሆነች» ብለው ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ሥራ አፈላላጊ አደረጉት።

ባለፈው ቅዳሜ የድሮ ባልደረባቸው ድራመሩ ደወለ። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ታሟል፤ ሠርጉ ከቀትር በኋላ ነው። ሚስት ሆስፒታል ተረኛ ናት። ሕፃኗን ማን ይያዝ? ክቡርነታቸው ቢጨንቃቸው አማታቸው ጋ ደወሉ፦ «እማማ፣ ሥራ ተገኘ! ልጅቷን ይያዙልኝ።»

እማማ በታክሲ በረው መጡ። «ተመስገን! ተመስገን!» የሚለው ድምፃቸው ከእግራቸው ቀድሞ ደረጃውን ወጣ። በር ላይ አማቻቸውን ሕፃን ታቅፈው፣ ጊታር አዝለው አገኟቸው።

«ሥራ ያልከው… ይሄን ነው?»

«ይሄን ነው፣ እማማ።»

እማማ ጊታሩን አዩ፤ ሰውየውን አዩ። ለወሬ ደረጃው ላይ የወጣነው ጎረቤቶች አንገታችንን አሰገግን። በኋላ ሕፃኗን ቀበል አደረጉና፣ «ታዲያ ምን ይገትርሃል? የሰው ሠርግ ልታስተጓጉል ነው?» አሏቸው።

እኔም ቤቴ ገብቼ ጋደም አልኩ። ከላይ ዱም ዱም የሚል የለም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጎኔ አላርፍ አለኝ። ጫማዬን አጥልቄ፣ አዳራሹን አጠያይቄ፣ ባልተጠራሁበት ሠርግ ከግድግዳ ተለጠፍኩ።

ክቡር ቤዝ ሁለት ጊዜ ምት ሳቱ፤ ሁለቴም ድራመሩን እያዩ ሳቁ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀጥ አሉ። ያለቀ መስሎኝ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ፣ በዚያ አዳራሽ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ክቡርነታቸው ከመድረኩ አፈጠጡብኝ። በሚቀጥለው ዘፈን ግን፣ ያቺ ቦታ ልትደርስ ስትል፣ ወደ ግድግዳው ዞር ብለው በአገጫቸው «አሁን አይደለም» አሉኝ። እኔም እኩል ዝም አልኩ።