አንዲት ዶሮ ስላመጣችው አጥርና ስለ ዋጋው

ቀን፦ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡10 (ጥሪው ለ7 ሰዓት ነበር)
ቦታ፦ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለችው የእናት ክፍል

የተገኙ፦
1. ታላቅ ወንድም፣ ልብስ ሰፊ፣ የግራው ቤት ባለቤት — ሰብሳቢ (ራሳቸውን ሰይመው)
2. ታናሽ እህት፣ ነርስ፣ የቀኙ ቤት ባለቤት — አባል
3. አጥር ሠሪው — ባለሙያ
4. እናት — ታዛቢ፣ ድምፅ የሌላቸው
5. የእህት ባል — ጸሐፊ፣ ድምፅም ሐሳብም የሌለው

ሳትጠራ የተገኘች፦ ዶሮዋ

ድምፅ ያላቸው ሁለት ሲሆኑ ሁለቱም ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሆኖም ከተኳረፉ አሥራ አንድ ቀን ስለሆናቸው የሚባባሉትን ሁሉ ጸሐፊው ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው እንዲያቀብል ተደርጓል።

አጀንዳ 1፦ አጥሩ ለምን አስፈለገ?

ሰብሳቢው የእህታቸው ዶሮ ሥራ ቤታቸው ገብታ ለሙሽራ በተሰፋ ነጭ ሱሪ ላይ መራመዷን፣ ነገሩም በመራመድ ብቻ አለመቅረቱን አስረድተዋል። አባሏ በበኩላቸው የሙሽራ ሱሪ መሬት ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቀዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ በግቢው መሃል አጥር እንዲሠራ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ የተስማሙበት ብቸኛ ጉዳይ ይኸው ነው።

አጀንዳ 2፦ ርዝመትና ቁመት

ባለሙያው ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ርዝመቱ እንዲነገራቸው ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ድንበሩን በልብስ መለኪያ ሜትራቸው ራሳቸው እንደለኩና ሃያ አንድ ሜትር እንደሆነ አሳውቀዋል። ባለሙያው ግቢው ሃያ ሜትር ብቻ መሆኑን፣ በዚህ ልክ ከተሠራ ጫፉ ጎዳና ላይ ወጥቶ መኪና እንደሚያስቆም ገልጸዋል። ሲጣራ ሰብሳቢው ሜትሩን አንስተው ባስቀመጡ ቁጥር፣ እጃቸው ለምዶባቸው፣ አራት አራት ጣት የስፌት ትርፍ ሲተዉ ኖረዋል። «ትርፍ ካልተተወለት ኋላ ሲጠብ በምን ይለቀቃል?» ሲሉም ተከራክረዋል።

አባሏ፦ «ጋሼ፣ አጥር እኮ አይወፍርም።»

ይህ ከኩርፊያው ወዲህ ለወንድማቸው በቀጥታ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ስለሆነ እንዳለ ተመዝግቧል።

ስለ ቁመቱ ሰብሳቢው አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል ብለው ሳይጨርሱ ዶሮዋ ተነስታ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጥታለች። ቁም ሳጥኑ ሲለካ (ያለ ትርፍ) ሁለት ሜትር ሆኖ ስለተገኘ አጥሩ ሁለት ሜትር ተኩል እንዲሆን ተወስኗል። ባለሙያው አስተያየት ተጠይቀው «ይጨምራል» ብለዋል።

አጀንዳ 3፦ በምን ይሠራ?

እንጨት ርካሽ ቢሆንም ዝናብ እንደሚያበሰብሰው ባለሙያው አስረድተዋል። ቆርቆሮ የወጥ ቤታቸውን ብርሃን ስለሚጋርድ አባሏ ተቃውመዋል። እሾሃም ሽቦን በተመለከተ፣ ክሊኒክ ውስጥ ሽቦ የቦጨቀውን እጅ ሲያክሙ እንደሚውሉ ጠቅሰው «የወንድሜን እጅ ደግሞ በዕረፍት ቀኔ አልሰፋም» ብለዋል። ሰብሳቢው እጃቸውን አይተዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ከታች ድንጋይ ከላይ እንጨት እንዲሆን፣ በሰብሳቢው በኩል ቀለም እንዲቀባ፣ በአባሏ በኩል እንዳይቀባ ተወስኗል። ባለሙያው «ይጨምራል» ብለዋል። መሬቱ አንድ ክንድ ሲቆፈር አለት ስለሚያወጣም «እሱም ይጨምራል» ብለዋል።

አጀንዳ 4፦ መስመሩ በየት ይለፍ?

ባለሙያው ወጥተው ችካል ተክለው ገመድ ወጥረዋል። ገመዱ ከውጭው በር ተነስቶ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ፣ ስብሰባው የተቀመጠበትን ክፍል ግድግዳ ገጭቶ ቆሟል። ባለሙያው አንገታቸውን በመስኮት አስገብተው «ይቺን ክፍል በየት በኩል ልዙራት?» ሲሉ ጠይቀዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን አስቀድሞ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ሰብሳቢው አልጋው ወደ ግራ ስለሆነ እናት የግራ ናቸው ብለዋል። አባሏ የደም ግፊት ኪኒናቸውን የሚሰጧቸው እርሳቸው ስለሆኑ እናት የቀኝ ናቸው ብለዋል። ድምፅ ሲሰጥ አንድ ለአንድ ሆነ። ስለዚህ አጥሩ ክፍሏን በግራም በቀኝም እንዲከብባት ተወስኗል። ባለሙያው ማዕዘን በበዛ ቁጥር እንደሚጨምር ሲያስረዱ፣ እስከዚያ ሰዓት አተር ይፈለፍሉ የነበሩት እናት ቀና ብለዋል።

«አጥሩ ሲያልቅ እኔ የማን ነኝ?»

ሰብሳቢው ታዛቢ መናገር እንደማይፈቀድለት ሊያስታውሱ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘግተዋል። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ «የኔ!» ብለዋል።

«እሺ፣ የአንዳችሁ ልሁን። ሌላኛችሁን በቀጠሮ ላየው ነው?»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ጥቂት መስመር አልጻፈም።

አጀንዳ 5፦ በር (ድንገት የተያዘ)

አባሏ ለኪኒኑ አንድ በር እንዲተው አመለከቱ። ሰብሳቢው ለእናት ቁርስ አንድ፣ የራሳቸውን ወገብ ሲያማቸው እህታቸው ዘንድ ሄደው መርፌ ለሚወጉበት ደግሞ ሌላ ጠየቁ። አባሏ ልብስ ለማሳጠር ወደ ወንድማቸው የሚሄዱበት አንድ አስመዘገቡ። እናት አተሩን ለሁለቱም ቤት ለማድረስ በግራም በቀኝም አንዳንድ አዘዙ፤ ሰባተኛውንም ለዶሮዋ። ባለሙያው በር ከአጥር እንደሚወደድ አስጠንቅቀው፣ በጣታቸው ቆጥረው፣ በዚህ ዓይነት በበርና በበር መካከል የሚቀረው አጥር ጥቂት እርምጃ መሆኑን ገለጹ። «ለመሆኑ በሮቹ ይዘጋሉ?»

ሰብሳቢው እህታቸውን አዩ። አባሏ «ቀኑን ሙሉ ለዶሮ ማን ሲከፍት ይውላል?» አሉ።

«ሁልጊዜ ክፍት ከሆነማ ባይሠራ ይቀንሳል» አሉ ባለሙያው። ይህን ቃል ሲጠቀሙ በዕለቱ የመጀመሪያቸው ነው።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጀንዳ 1 እስከ 5 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። አባሏ የዶሮዋን ክንፍ እንዲከረክሙ፣ ባለሙያው ለሰብሳቢው ሥራ ቤት አንዲት ግማሽ በር እንዲሠሩ ተወስኗል። ሰብሳቢው ስፋቷን ሊለኩ ሜትራቸውን ሲያወጡ አባሏ ከእጃቸው ተቀብለው ራሳቸው ለክተዋል።

ስብሰባው 11፡40 ላይ ተበትኗል። ባለሙያው ገመዳቸውን ሊፈቱ ሲወጡ እናት ከልክለዋቸዋል፤ ግማሽ በሯ ስትለካ ወጥተው፣ ከግራውም ከቀኙም ቤት ያመጡትን እርጥብ ልብስ አስጥተውበት ነበር።