እጅ የምትነሳ ሞተር

ጨዋ ሰው ሞተር መንዳት አይችልም!

ብያለሁ፣ ከቃሌም አልመለስም። ገና ከመጀመሪያው መስመር ተቆጥታችሁ ጋዜጣውን የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ እንዳታደርጉት፤ ትንሽ ታገሱኝ። በፍጥነት መንዳትማ ማንም ይችላል። ከንፈርን ነከስ፣ ነዳጁን ጠምዘዝ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ መብረር ነው። እኔን ራሴን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስከንፍ ያየ ሰው "ይህች ሴት ሞተር ላይ ነው የተወለደችው" ይላል። መከራው የሚጀምረው ዝግ ሲባል ነው። ዝግ ብሎ መዞር... እሱ ከጨዋነት ጋር ጨርሶ የማይስማማ ነገር ነው። እንዴት ብትሉኝ ላጫውታችሁ።

እኔ የንብ ባለሙያ ነኝ። ቢሮዬ ፍኖተ ሰላም ነው፤ ንቦቹ ግን ቢሮ ስለማይወዱ ከጅጋ ወዲያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ይኖራሉ። እነሱ ዘንድ የምደርስባት አንዲት ቀይ ሞተር ከመሥሪያ ቤቱ ተሰጠችኝ። ማስነሳቱን ቻልሁ። ማርሽ መቀየሩን ቻልሁ። ማቆሙንም፣ ብዙ ጊዜ በፍሬን፣ አንዳንዴም በግድግዳ፣ ቻልሁ። መዞሩ ብቻ እምቢ አለኝ። ገና ዝግ ስል መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሯ ትንገዳገዳለች፣ እኔም ቅዱሳንን በየስማቸው መጥራት እጀምራለሁ።

ምን አደረግሁ መሰላችሁ? መዞርን ተውሁት! ወደ ቡሬ አቅጣጫ ከወጣሁ ዝም ብዬ ቡሬ ድረስ እሄዳለሁ፤ የነቀምት መገንጠያው ሰፊ ስለሆነ እዚያ ዞሬ እመለሳለሁ። ወደ ጅጋ ከወጣሁ ደግሞ የገበያው ሜዳ አለልኝ። በመካከል ያለው አገር በሙሉ ለእኔ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበረው። አንድ ቀን ከቡሬ ስመለስ ሐሳብ ይዞኝ የሠፈሬን መታጠፊያ አለፍሁት። በቃ... ጅጋ ሄድሁ። ባለቤቴ ደውሎ "የት ደረስሽ?" ሲለኝ፣ የጅጋ ገበያ መሐል ቆሜ "ቤት እየመጣሁ ነው" አልሁት። አልዋሸሁም እኮ!

በመጨረሻ የመስኖ ባለሙያውን ይበልጣልን ለመንሁት። ይበልጣል የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ሞተር ላይ ቁጭ ብሎ ምሳውን መብላት የሚችል ሰው ነው።

"ቀላል እኮ ነው!" አለኝ። "ሞተር የምትሄደው ዓይንሽ ወደሄደበት ነው። ጉድጓድ ካየሽ ጉድጓድ ትገቢያለሽ። ፍሪሲዮኑን ግማሽ ያዥ፣ የኋላ ፍሬኑን ነካ አድርጊ፣ አንገትሽን አዙረሽ መውጫሽን እዪ። ሌላ ማንንም እንዳታዪ!"

"ማንንም?"

"ማንንም!"

ይኸውላችሁ ጉዱ! ማንንም ሳያዩ ማለፍ በየትኛው አገር ነው? እዚህ? በበቅሎ የሚሄድ ሰው እንኳ ሽማግሌ ሲያጋጥመው ወርዶ፣ እጅ ነስቶ ነው የሚያልፈው። ሞተር ደግሞ ያው በቅሎ ናት፤ ሣር አትብላ እንጂ። ለሁሉም ሰው እየወረድሁ መሄድ ስላልቻልሁ የራሴን መላ ዘየድሁ። ሰው ሳይ ዝግ እላለሁ፣ የሄልሜቴን መስታወት ከፈት አደርጋለሁ፣ ፊቴን ወደ ሰውዬው አዞራለሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ "እንዴት ዋሉ" እላለሁ። ሞተሯም ታዛዥ ናትና አብራኝ ትሄዳለች... ሰላም ወዳልሁት ሰው!

አንድ ቄስ ሰላም ብዬ ከነጥላቸው ቦይ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ። አንድ ባለጋሪ ሰላም ብዬ ፈረሱ ከመደንገጡ የተነሳ ጋሪው ያለ ባለጋሪው ገበያ ደርሷል። የማከብረውን ሰው ሁሉ ልጨርሰው ደረስሁ! የማልወዳቸው ሰዎች ግን፣ ሰላም ስለማልላቸው፣ አንዳች ነገር ሳይነካቸው ይሄዳሉ። ይሄ ፍትሕ ነው?

ከሁሉ የባሰባቸው አያ ፈንታ ናቸው። አያ ፈንታ ወደ ቤቴ በሚያስገባው ኩርባ ላይ የሚኖሩ፣ ጠዋት ጠዋት አጥራቸው ሥር ግንድ ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌ ናቸው። መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ አያ ፈንታ በስተቀኝ ናቸው። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አባት የሚሆኑ ሰው ጋቢያቸውን ዝቅ አድርገው ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉላችሁ አንገታችሁን ወደ ግራ ታዞራላችሁ? ካዞራችሁ... ሞተር መንዳት ትችላላችሁ ማለት ነው፤ ሌላ ምንም አልላችሁም።

"እንዴት አደሩ አያ ፈንታ!" እላለሁ።

"እግዚአብሔር ይመስገን! እንዴት አደርሽ ልጄ?"

ጓ! አጥሩ።

"ደኅና ነሽ? ቤተ ሰቡስ ሁሉ ደኅና?" ይላሉ፣ እግሬን ከማገር ሥር እየጎተቱ።

"ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይቅርታ አያ ፈንታ፣ አጥሩን እኮ..."

"ተይው፣ አጥር ምን አለበት! ንቦቹስ ደኅና ናቸው?"

አጥራቸው እላያቸው ላይ ቢደረመስ እንኳ ሰላምታቸውን አያቋርጡም። አንድ ቀን ብቻ፣ የወደቀውን ማገር አብረን እያቆምን ሳለ፣ ሞተሯን በጥርጣሬ ዓይን አዩዋትና "ይህች ነገር አጥሬን አብዝታ ወደደችው... ርቧት ይሆን እንዴ?" አሉኝ። ከዚህ የከፋ ወቀሳ ከአፋቸው አልወጣም። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ወሬው ቢሮ ደረሰ። ኃላፊያችን አቶ አማረ አስጠሩኝ።

"አጥር እየጣልሽ ነው አሉ?"

"አጥር ብቻ አይደለም" ልል ነበር፤ ምላሴን ያዝ አደረግሁት።

"ስሚ፣ የይበልጣል ሞተር ተበላሽታ ቆማለች። ለሁለታችሁ ያለችው ያንቺዋ ብቻ ናት። አርብ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሁለት ጀሪካን አስቀምጣለሁ። እግርሽ መሬት ሳይነካ ዙሪያቸውን ስምንት ቁጥር ከሠራሽ ሞተሯ አንቺው ጋ ትቆያለች። ካልሆነ ይበልጣል ይወስዳታል።"

እዚህ ላይ ቀልዱን ለጊዜው ልተወው። በእውነት ፈራሁ። ከጅጋ ወዲያ የንብ ማኅበር ያቋቋሙ ሴቶች አሉኝ። የሣጥን ቀፎ ይዤ የሄድሁ ጊዜ ባሎቻቸው ሲስቁብኝ እነሱ ብቻ ናቸው ያመኑኝ። ማሩ ሊቆረጥ ተቃርቧል። በየጊዜው ሄጄ ካላየሁላቸው አንዱ ቀፎ በጉንዳን ይወረራል፣ ንቡ ይኮበልላል። "አላልንም?" የሚሉት ባሎች ግን አይኮበልሉም! በእግሬ እንደማልደርስላቸው አውቀዋለሁ። ሞተሯን ማጣት ማለት እነዚያን ሴቶች በባሎቻቸው ፊት ማሳፈር ነበር፤ ይህን ሳስበው ምግብ አልበላ አለኝ።

ስለዚህ ከሥራ በኋላ ኳስ ሜዳ እየወጣሁ ጀሪካን መዞር ጀመርሁ። ጀሪካን ሽማግሌ አይደለም፣ እጅ አይነሳም፣ ብዬ ራሴን አበረታታሁ። ግን እንዳልነካው ስለምፈራ አየዋለሁ፤ ስለማየው እነካዋለሁ። መቼም በፍጥነት የሚወድቅ ሰው የታደለ ነው፤ ምን እንደደረሰበት ሳያውቅ ያልቅለታል። ዝግ ብሎ የሚወድቅ ሰው ግን ጊዜ አለው። ዙሪያውን እያየ፣ ማን ማን ቆሞ እንደሚያየው እየለየ ነው የሚወድቀው። ሜዳው ዳር የተቀመጡት ሁሉ "እኔን! እኔን!" ይላሉ። በኋላ በኋላማ ገና ሞተሯን ሳስነሳ "እኔን" ማለት የጀመሩም ነበሩ።

አርብ ደረሰ። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ግቢውን ከቧል፤ ባለጉዳይ ሲመጣ የት እንደሚገቡ የማይታወቁት ሳይቀሩ ተገኝተዋል። አቶ አማረ የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው በረንዳው ሥር ቆመዋል። ይበልጣል ሄልሜቱን በብብቱ ሸጉጧል... ገና ከአሁኑ!

አስነሳሁ። ፍሪሲዮን ግማሽ። የኋላ ፍሬን ነካ። የመጀመሪያው ጀሪካን ወደ እኔ መጣ፤ ማለቴ፣ እኔ ወደ እሱ ሄድሁ። መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከኋላ አንዲት ሴት "እኔን" ስትል ሰማሁ። ይኸኔ የግቢው በር ተከፈተና ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ገቡ።

አያ ፈንታ!

ለካ "በአጥርዎ ሰበብ ልጅቱን ሞተሯን ሊነጥቋት ነው" ሲባል ሰምተው፣ አቶ አማረን ሊለምኑልኝ ነው የመጡት። በዳር በኩል መሄድ ይችሉ ነበር፤ ግን ኃላፊ ፊት ለፊት ቆሞ እያለ በጎን ማለፍ ነውር ነውና በሁለቱ ጀሪካኖች መሐል ቀጥ ብለው መጡ። አየኋቸው። አንገቴ ሳላዝዘው ዞረ፣ ወገቤ ጎንበስ አለ። አለቀልኝ፤ ዛሬ አጥር ስለሌለ ባለአጥሩን ልገጭ ነው አልሁ።

"እንዴት አደሩ አያ ፈንታ!"

"እግዚአብሔር ይመስገን! እንዴት አደርሽ ልጄ?"

አያ ፈንታ ግን ሞኝ አይደሉም። ሰላምታዬ ከደረሰ ቀጥሎ ምን እንደሚደርስ ከማንም በላይ ያውቃሉ። መሮጥ ነውር ነው፤ ሰላም ላለ ሰው ጀርባ መስጠትም ነውር ነው፤ ባሉበት መቆም ደግሞ አጥር መሆን ነው። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ እኔ እንዳደረጉ፣ እጅ እየነሱ፣ ወደ ኋላቸው መሄድ ጀመሩ። ጀሪካኑን ዞሩት። ዓይኔ እሳቸው ላይ ነው፤ ሞተሯ ተከተለቻቸው።

"ደኅና ነሽ? ቤተ ሰቡስ ሁሉ ደኅና?"

"ደኅና ነን! እርስዎስ? ጉልበትዎ እንዴት ነው?"

"ጉልበቴማ... ይኸው ይሄዳል!" አሉ እርምጃቸውን ጨመር አድርገው።

የመጀመሪያው ዙር አለቀ። አያ ፈንታ መሐሉን አቋርጠው ወደ ሌላኛው ጀሪካን ሸሹ፤ ስለ እሳቸው ሸሹ ማለት ነውር ካልሆነብኝ። እኔም ከኋላ... ከፊታቸው ማለቴ ነው፣ ተከተልኋቸው። ከብቱን ጠየቅኋቸው። ዳጉሳውን ጠየቅኋቸው። እሳቸው ባለቤቴን፣ እናቴን፣ የእናቴን የወገብ ሕመም ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ ንቦቹ ገባን። ሞተሯ በሽማግሌ እርምጃ ልክ፣ ሳትንቀጠቀጥ፣ ሳትንገዳገድ ትሄዳለች። ለካ የእኛ አገር ሰላምታ ርዝመቱ ልክ ስምንት ቁጥር ያህል ነው! የመጨረሻውን "እግዚአብሔር ይመስገን" ስንል ራሴን ከተነሳሁበት ቦታ ላይ አገኘሁት።

"ይሄማ አይሆንም!" አለ ይበልጣል። "በሽማግሌ እየተመራች እኮ ነው!"

"እግሯ መሬት ነክቷል?" አሉ አቶ አማረ።

"አልነካም፣ ግን..."

"ታዲያ!"

አያ ፈንታ ላባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ለኃላፊው እጅ ነሱ። "ስለ አጥሬ ብለው ልጅቱን እንዳያስቀይሟት ልለምንዎ ነበር የመጣሁ" አሉ። "አሁን ግን መቀመጫ ቢሰጡኝ... ራሴን አዙሮኛል።"

ሞተሯ እኔው ጋ ቀረች። ሴቶቹም ማራቸውን ቆረጡ፤ ባሎቻቸው አሁን ቀፎ ተሸካሚ ሆነዋል። እኔም የመዞርን ምሥጢር ደረስሁበት። መዞር ስፈልግ፣ መውጫዬ ላይ አያ ፈንታ ቆመው የሚጠብቁኝ አድርጌ አስባለሁ። አንገቴን አዙሬ ሰላም እላቸዋለሁ፤ ሞተሯ ትከተለኛለች። እንግዲህ ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ አንዲት ሴት ለመብራት ምሰሶ ጎንበስ ብላ "ጉልበትዎ እንዴት ነው?" ስትል ካያችሁ ጸበል ይዛችሁ እንዳትሮጡ። ደኅና ነኝ። እየዞርሁ ነው።

ባለፈው የገበያ ቀን ታዲያ ውለታቸውን ልመልስ ብዬ አያ ፈንታን ጅጋ ላደርሳቸው ከኋላዬ አስቀመጥኋቸው። እሳቸው ያለፍነውን ሰው ሁሉ ሰላም ይላሉ፣ እኔ ፊት ፊቴን አያለሁ፤ ሥራ ተከፋፍለን በደስታ እየሄድን ነበር። ጅጋ ልንገባ ስንል ከመንገዱ ዳር "አያ ፈንታ!" የሚል ድምፅ ሰማን። አበልጃቸው ኖረዋል፤ አልፈናቸዋል። ዝግ አልሁ። አያ ፈንታ አበልጃቸውን ሳይወርዱ ማለፋቸው ከነከናቸውና፣ መላ ሰውነታቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘው፣ በጎን በኩል እስከ ወገባቸው ዘንበል ብለው እጅ ነሱ። ሞተሯ አብራቸው ዘነበለች... ዞረች... ዞረች... ቀና ስንል ፊታችን ወደ ፍኖተ ሰላም ነው! ደግነቱ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። በአስፋልቱ ወርድ ልክ፣ እግር መሬት ሳይነካ፣ እንዲህ ያለ መዞር ይበልጣልም ዞሮ አያውቅም።

ሰላምታው አልቆ አበልጃቸው መንገዳቸውን ሲቀጥሉ ጅጋ ከኋላችን ቀርታለች። ዞሬ ልመለስ፣ መውጫዬ ላይ አያ ፈንታ ቆመዋል ብዬ ላስብ ሞከርሁ። አልሆነም! ጉልበታቸው ጀርባዬን እየወጋኝ እንዴት አድርጌ ከፊቴ ላቁማቸው? የቡሬ መገንጠያ በዓይኔ መጣ...

"አያ ፈንታ" አልሁ በትሕትና፣ "ወደ ጅጋ በኩል የሚያውቁት ሰው የለም?"

ዘወር ብለው አዩ። ራቅ ብሎ አንድ ባለጋሪ ወደ ገበያው ይሄዳል።

"አላውቀውም" አሉ። "ግን እንዴት ዋልህ ለማለት መተዋወቅ ምን ያደርጋል?"

ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ ወደ ጎን ዘንበል ብለው፣ ለማያውቁት ሰው ጀርባ እጅ ነሱ። ጅጋ በጊዜ ደረስን። እኔም አልመለስም ካልሁት ቃል ተመልሻለሁ፤ ጨዋ ሰው ሞተር መንዳት የማይችለው ብቻውን ሲሆን ነው።