ወሬ የሚወድ ጊታር

መስማት የፈለገ ሰው ጉንዳን ስታስነጥስ ይሰማል፤ ካልፈለገ ደግሞ ጆሮው ሥር ግንድ ብትፈልጡ «ዛሬ ሰፈሩ እንዴት ጸጥ ብሏል» ይላችኋል። እኔ ሳወራ ትንሽ ውሃ እጨምራለሁ፣ አልደብቃችሁም። ያለ ውሃ የተቦካ ሊጥ ያየ ካለ ግን እጁን ያውጣ።

አባቴ ኦቦ ዋቅጅራ ነቀምት ላይ ወፍጮ ቤት ነበረው። ዕድሜውን ሙሉ ከሞተሩ ጋር ሲጯጯህ ኖሮ አንዱ ጆሮው ዱቄት ሆኗል፤ ሌላውም ገና እየተፈጨ ነበር። እኔ የቀበሌው ኪነት ዘፋኝ ነኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ድምፅ ያለው ይዘፍናል፣ የሌለው ይፈክራል። ታዲያ ኪነቱ ውስጥ ገመቹ የሚባል መምህር ቦክስ ጊታር ይመታ ነበር። ይመታ ነበር አልኩ እንጂ፣ ከከበሮው አጠገብ ተቀምጦ ጣቱ ሲራወጥ ከማየት በቀር ማንም ምንም አይሰማም። እኔ ግን ሰማሁት። ሰማሁትና ተያዝኩ።

ሽማግሌ ላከ። አባቴ ሽማግሌዎቹን አብልቶ አጠጥቶ፣ የማይሰማ ነገር ለሚመታ ሰው ልጅ እንደማይሰጥ ነገራቸው። ከአርጆ የመጣ ሌላ ጠያቂም ነበረኛ! ሰውዬው ሲያስነጥስ እንኳ ከወፍጮው በላይ ይሰማል፤ አባቴ ስለዚህ ብቻ ወዶታል። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ሲያስጨንቁት፣ «በአብዮት በዓል ቀን ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከሰማሁ የእሱ ናት፤ ካልሰማሁ የአርጆው» ብሎ ቃሉን ሰጠ።

ቦክስ ጊታር በማጉያ የሚወጣው ድምፁን የሚለቅም ዕቃ ሲደረግበት ነው። ዛሬ ልጆቹ ፒክአፕ እያሉ ከሱቅ እያማረጡ ይገዙታል። እኛ ጨለለቂ ሰፈር፣ ሚስማርም ከሚሸጠው ሬዲዮም ከሚጠግነው ከጋሽ ሸምሱ ዘንድ ሄድን። ጋሽ ሸምሱ ከሚስማሩ መሀል ሦስት ነገር ጎልጉሎ አወጣልን።

አንደኛው የትንሽ ሬዲዮ ስፒከር፣ ሽቦውን ገልብጠው ሲያስሩት እንደ ማይክራፎን ይሰማል የተባለ። ጊታሩን ጉድጓድ የገባ ፍየል አደረገው። ሁለተኛው የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ከነጭንቅላቱ፤ እንጨቱ ላይ ሲለጥፉት፣ አቤት ጥራት! ክሩን አጥርቶ ይሰማል፤ የገመቹን የሸሚዝ ቁልፍም ይሰማል፣ ምሳ አለመብላቱንም ይሰማል፤ ኃይል ግን የለውም። ሦስተኛው ከተሰበረ ስልክ የወጣ፣ ሰው የሚናገርበት አፉ ነው። ጊታሩ ሆድ ውስጥ ሲያንጠለጥሉት ድምፁ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፤ ግን የሱቁ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ።

ገመቹ መርፌውን ወደደ፤ መምህር አይደል። እኔ ስልኩን አልኩ። ተጨቃጨቅን፤ ጋሽ ሸምሱ ሳቁን ሲጨርስ ፈረደ።

«ጥራት ካላችሁ መርፌው ነው። ኦቦ ዋቅጅራ ይስሙ ካላችሁ ስልኩ። ግን ልብ በይ የኔ ልጅ፣ ይሄ ለሰው ወሬ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ከክር ይልቅ ወሬ ይወዳል።»

ማን ልብ ይላል! በሃያ ዓመት ልብ የሚባለው ሌላ ሥራ ላይ ነው።

በዓሉ ደረሰ። አባቴ ጋቢውን ለብሶ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተሰየመ፤ የአርጆው ጠያቂ አጠገቡ። ዘፈኑ ተጀመረ፤ ጊታሩም ጮኸ። ግን ከበሮ መቺው ቀንቶ ነው መሰለኝ፣ እንደ ጠላት ደበደበው። አባቴን አየሁት፤ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። አልሰማም! በዚያ ዘመን የምንጮኸው ሌላ፣ የምንሾካሾከው ሌላ አልነበር? እኔም ዘፈኑ ሲያበቃ ለሹክሹክታ ወደ ገመቹ ጎንበስ አልኩ፤ አፌ ልክ ከጊታሩ ቀዳዳ በላይ።

«ገሜ፣ አባዬ አልሰማም። ነገ በማለዳ፣ ቢላ ከተማ በሚሄደው መኪና እንጠፋለን። ልብሴን እዚያው ወፍጮ ቤቱ፣ ከጆንያው ሥር ደብቄዋለሁ።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ግን የስልክ አፍ አወጣው። ቃሌ አዳራሹን ዞሮ፣ ጣሪያውን ነክቶ፣ ወደ እኔው ተመለሰ። የቀበሌው ሊቀመንበር ለመፈክር ያነሳው እጅ አየር ላይ ቀረ። የአርጆው ሰው እንኳ ማስነጠስ አቃተው።

አባቴ ቀስ ብሎ ተነሳ። እሱ ነገር ሲቆርጥ በኦሮምኛ ነው።

«ደገኤራ» አለ። ሰማሁ ማለቱ ነው። ቀጥሎ በአማርኛ፣ «ልብስሽን ከጆንያው ሥር አውጪው፤ ዱቄት ይበላዋል።»

ተቀመጠ። አዳራሹ በእልልታ ፈረሰ። «ጊታር ከሰማሁ» ሳይሆን «ከሰማሁ» ብቻ ነበር ያለው፤ ቃሉን አላጠፈም። ከአርጆው ሰው ሌላ ቅር የተሰኘው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው፤ ያለ ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ቢላ ልትሄዱ ኖሯል ብሎ ወቀሰን።

ተጋባን፣ ወለድን፣ አረጀን። ጊታሩ ዛሬም ግድግዳችን ላይ አለ፤ የስልኩ አፍም ከሆዱ አልወጣም፣ ሽቦው ግን ከተበጠሰ ስንት ዘመኑ። ገመቹ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሆኖም ጎረቤት መጥታ እኔ ድምፄን ዝቅ ሳደርግ፣ ብድግ ይልና ጊታሩን በጋቢው ይሸፍነዋል።