ዳገት የፈራች መኪና

እንደ እኛ አገር ሰው ሐኪምነት የሚቀናው አላየሁም። ሆዴን አመመኝ በሉ፤ አንዱ ፌጦ፣ አንዱ ዳማከሴ፣ ሌላው ንስሐ ያዝዝላችኋል። የታመመችው መኪና ከሆነች ደግሞ ይብሳል። ከአህያ በቀር ምንም ነድቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ኮፈኑ ሲከፈት አንገቱን አስገብቶ ራሱን ይነቀንቃል። ያ መነቅነቅ ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እኔ በደርግ ዘመን ላሊበላ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ጂፕ እነዳ ነበር። ከመኪና ሕመም ሁሉ የምጠላው መንዘፍዘፍን ነው። ጨርሳ የሞተች መኪና ቁርጧ ታውቋል፤ ትጎተታለች። የምትንዘፈዘፈዋ ግን ሜዳ ላይ ጤነኛ ናት፤ ዳገት ስትደርስና ነዳጅ ስትሰጧት ትንቀጠቀጣለች። ስብሰባ ላይ ድንገት ስሙ እንደተጠራ ሰው። የዚያን ዘመን ስብሰባ የተቀመጠ ይረዳኛል።

አንድ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉ ልጆችን ወልድያ አድርስ ተባልሁ። የእናት አገር ጥሪ ነው አሉን፤ እናት አገር ስትጣራ የእናት ድምፅ አይሰማም። ከልጆቹ አንዱ መኮንን ነበር፤ የጎረቤቴ የእትዬ የሻረግ አንድያ ልጅ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውም ቤቱም በእሱ ትከሻ ላይ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሌሎቹ እናቶች ሲያለቅሱ እትዬ የሻረግ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ ጂፗን ዞረቻት፤ ጎኗን ዳበሰች፤ ከኋላ በኩል ጎንበስ ብላ ትንሽ ቆየች። ስንብት መሰለኝ። ከዚያ ልጇን ሳመችና፣ «አብሽር፣ ትመለሳለህ» አለችው። ማጽናኛ አይመስልም ነበር፤ ጉዳዩን ጨርሳ የመጣች ነበር የምትመስለው።

ቁልቁለቱን በሰላም ወረድን። ወደ ጋሸና የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር መኪናዋ ተንዘፈዘፈች። ነዳጅ ስጨምር ባሰባት። ልጆቹን እንዲያስረክብ የታዘዘው ካድሬ ከጎኔ ተቀምጧል።

«ምን ሆነች?»

«ዳገት ፈራች፣ ጓድ።»

አልሳቀም። «አሻጥር እንዳይሆን» አለ። ያ ቃል በዚያ ዘመን ይዞት የሄደውን ሰው አይመልስም ነበር።

አቆምሁና ኮፈኑን ከፈትሁ። እሳት የሚረጩትን ካንዴላዎች ፈታሁ፤ ንጹሕ ናቸው። እሳቱን የሚያድለውን ፕላቲን በብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጌ መለስሁ። ሞከርኋት፤ ያው ናት። ከልጆቹ አንዱ ቡዳ ነው አለ፤ ካድሬው ጭነት ነው አለ። እኔ የነዳጅ ማጣሪያዋን ብርጭቆ ፈታሁ። ከላይ ቤንዚን፣ ከሥር ኩልል ያለ ውሃ ተኝቷል። ሞተር ዳገት ላይ ብዙ ሲጠጣ ውሃውንም ይምጋል፤ መንዘፍዘፏ ከዚያ ነው።

መኮንን ከኋላ ወርዶ ብርጭቆውን አየ። ፊቱ ተለወጠ። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ «ጋሼ፣ እማ ናት» አለኝ።

ለካ በእግሯ ይምርሐነ ክርስቶስ ደርሳ ጠበል አምጥታ ኖሯል። ግማሹን እሱን አጠጣችው። «የቀረውን መኪናዋ ላይ እንድትረጭ ብነግራት፣ ‹መርጨት ላይ ላዩን ነው፤ የወሰደችህ እንድትመልስህ መጠጣት አለባት› አለችኝ» አለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የጨነቃት እናት ደግሞ መኪና ጠበል ታጠጣለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ካድሬው።

እውነቱን ብናገር ሴትዮዋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትታሰራለች። «ላብ ነው፣ ጓድ» አልሁት። «ቤንዚን በርሜል ውስጥ ሲያድር በላስታ ብርድ ያልበዋል፤ ላቡ ውሃ ይሆናል።» ጓዱ የሚያውቀው የሠርቶ አደሩን ላብ ብቻ ስለነበር ራሱን ነቀነቀ።

ከሥሯ ገብቼ የነዳጅ ጋኗን መክፈቻ ላላ አደረግሁ። ውሃ ይከብዳልና ቀድሞ ወረደ፤ መኮንን በጣሳ ተቀበለ።

«ትንሽ ብናስቀርላትስ?» አለኝ።

«ከቀረ ገደል ነው፣ የኔ ልጅ።»

ጣቱን ነክሮ ግንባሩ ላይ አማተበ። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የቀረውን መንገድ ላይ አልደፋውም፤ ጠበል በእግር አይረገጥም። ራቅ ብሎ ከአንድ ጽድ ሥር አፈሰሰው።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ዳገቱን በቅቤ እንደታሸች ወጣችው። እንደዚያ ያማረ ጥገና ሠርቼ አላውቅም፤ እንደዚያም ያዘንሁበት ጥገና የለም። ልጆቹን ወልድያ አስረከብናቸው።

የመኮንን ወሬ መጥፋት ጀመረ። አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ሁለተኛ አልመጣም። እትዬ የሻረግ ከመንገድ በመጣሁ ቁጥር ከደጇ ብቅ ትላለች። ስለ ልጇ አትጠይቀኝም፤

«መኪናይቱስ? ሽቅቡ ላይ አላስቸገረችህም?» ትለኛለች።

«ኧረ በጭራሽ፣ እትዬ።»

«አታስቸግርህም። እኔ አውቃለሁ» ትልና እንደ መፍገግ ብላ ትገባለች። ምን ልበላት? ደህና የሆነችው ጠበሉን ስላወጣሁባት ነው ልበላት? ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልሁ። ግን ሌላ ሥራ መጣብኝ። መኪናዋ አንድ ቀን ዳገት ላይ ብትቀር የሴትዮዋ ተስፋ አብሮ እንደሚቀር ስለገባኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማጣሪያውን አጥባለሁ፤ ቤንዚኑን በጨርቅ አጥልዬ እቀዳለሁ። አለቃዬ ትጋቴን አይቶ በስብሰባ አመሰገነኝ። አብዮታዊ ሠራተኛ ተባልሁ።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ ጠጋ፤ ጂፗም ለግዳጅ ትፈለጋለች ተባለ። ቁልፉን ተቀበሉኝና ወታደር ነድቷት ሄደ። እኔ ሌላ ሥራ ተሰጠኝና በእግሬ እመላለስ ጀመር። መቼም አንድ ቀን ትመለሳለች ብዬ መፍቻዎቼን ዘይት ቀብቼ አስቀመጥሁ።

በእትዬ የሻረግ ደጅ ላለማለፍ ለጥቂት ጊዜ በዙሪያው ዞርሁ። ግን ሰፈር ሰፈር ነው፤ አንድ ቀን ፊት ለፊት ተገናኘን። መጀመሪያ ፊቴን አየችኝ፤ ከዚያ አቧራ የጠጣውን ጫማዬን አየችው።

«ደህና ዋልህ?» አለችኝ።

«እግዜር ይመስገን፣ እትዬ።»

ስለ መኪናዋ አልጠየቀችኝም።